ይሄ ዕቃ የማነው?

ነገሩ የሚነሳው ከደቡብ ጎንደር፣ ከእብናት መናኸሪያ ነው።

ጊዜው ሌሊት 11 ሰዓት፤ ጎህ ገና አልቀደደም። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ረዳቱ የቅጥቅጡ አውቶቡስ አናት ላይ ወጥቶ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ከታች የሚያቀብሉትን ይደረድራል፦ ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ፣ አንድ ኬሻ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ እግራቸው የታሰረ ሦስት ዶሮዎች። ተራ አስከባሪው «አዲስ ዘመን! ወረታ! ባሕር ዳር!» እያለ ይጮኻል። ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰሏን ታራግባለች። በዚህ ሁሉ መሀል ከላይ አንድ ድምፅ ይወርዳል፦ «ይሄ ዕቃ የማነው?»

ረዳቱ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሒሳቡን ሊቀበል ነው። የጭነት የሚከፍል ሰው ካልተገኘ ዕቃው አይጫንም፤ ሌላ ሐሳብ የለውም። ስለ ፈንጂ ያስተማረው ሰው የለም፤ ስለ ጠለፋም ከሬዲዮ ከሰማው በቀር የሚያውቀው የለም። ነገር ግን ዛሬ በዓለም የአየር ጉዞ ደንብ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ፣ ብዙ ሕይወት የተከፈለበት አንድ ጥያቄ ቢኖር ይኸው የረዳቱ ጥያቄ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. የፓን አሜሪካን ኩባንያ 103ኛ በረራ ከለንደን ሒትሮው ተነስቶ ወደ ኒው ዮርክ ሲያመራ በስኮትላንዷ ሎከርቢ ከተማ ሰማይ ላይ ፈነዳ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 259 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ፍርስራሹ የወደቀባቸው 11 የከተማዋ ነዋሪዎችም ሞቱ። ፈንጂው የተቀበረው ካሴት በሚያጫውት ሬዲዮ ውስጥ ነበር፤ ሬዲዮው ደግሞ በሻንጣ ውስጥ። ያ ሻንጣ አብሮት የሚሄድ ባለቤት አልነበረውም። ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲተላለፍ «ይሄ ዕቃ የማነው?» ያለ ሰው አልተገኘም። ዛሬ ሻንጣውን አስረክቦ ወደ አውሮፕላኑ ያልመጣ መንገደኛ ሲኖር፣ ሻንጣው ከጭነቱ መሀል ተፈልጎ እስኪወርድ በረራው ይጠብቃል። ቦሌ ላይ «ምን አስቆመን?» ብሎ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ አንዳንዴ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ወደ መናኸሪያው እንመለስ። በአገራችን አገር አቋራጭ መኪኖች ላይ ባለቤቱ ሳይሳፈር የሚሄድ ዕቃ ነውር የለበትም። እንዲያውም የኑሮ መላ ነው። እናት ለባሕር ዳር ተማሪ ልጇ በርበሬና ዳቦ ቆሎ በካርቶን ጠቅልላ፣ ስልክ ቁጥሩን በእስክርቢቶ ደጋግማ አድምቃ ትጽፍበትና «ሲደርስ ደውልለት» ብላ ለረዳቱ ትሰጣለች። የሻይ ትጨምርለታለች። ነጋዴው መለዋወጫ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሰነድ፣ ሌላው ስልክ ይልካል። ፖስታ ቤት ይህን ያህል ፈጥኖ አያደርስም፤ ስለዚህ ይቅር ማለት አይቻልም። የሚቻለው ሦስት ነገር ነው። ላኪው መታወቂያውን አሳይቶ ስሙና ስልኩ በደብተር ይመዝገብ። ካርቶኑ በላኪው ፊት ተከፍቶ ይታይ። ተቀባዩ ጋር ከመነሻው ተደውሎ «እንዲህ ያለ ዕቃ ከእገሌ ትጠብቃለህ ወይ?» ይባል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «እቸኩላለሁ፣ አትክፈተው፣ ገንዘቡን እጥፍ ልክፈልህ» የሚል ላኪ ከመጣ ደግሞ ለረዳቱ መልሱን ራሱ ሰጠው ማለት ነው።

መንገድን አስቀድሞ ማየት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከእብናት ወደ ምዕራብ ወርዶ አዲስ ዘመን አካባቢ የሚገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚወርደው፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ያርፍበታል፤ አሞሌው፣ ቡናው፣ ሰሙ ይራገፍበታል። ሲራራው ብቻውን አይጓዝም። ተጠራቅሞ፣ አለቃውን ነጋድራስ መርጦ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ከፊትና ከኋላ አድርጎ ነው የሚነሳው። ከሁሉ በፊት ግን ወሬ ይጠይቃል፦ ከወዲያ ማን መጣ? መንገዱ እንዴት ነው? ከወዲያ የመጣ ሰው ከጠፋ ያ ራሱ ወሬ ነው።

የዛሬው ሹፌርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ሲያደርግለት፣ እጁን አውጥቶ ሲያወዛውዝለት ይገባዋል። ገበያ በሚውልበት ቀን ግማሽ ሰዓት ነድቶ አንድም መኪና ካልተላለፈው፣ ሌላ ጊዜ በግ የሚያግዱ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ጭር ካለበት፣ ልምድ ያለው ሹፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንድ ቦታ ቆሞም ይደውላል። በትምህርት ቤት ያላገኘው ዕውቀት ነው። የደኅንነት ባለሙያዎች «የተለመደውን ማወቅ» የሚሉት ይህን ነው፤ የተለመደውን የማያውቅ ሰው እንግዳውን ነገር አይለይም። ስለዚህ ከማንኛውም ካሜራ በፊት የመናኸሪያ ዓይን ማለት ሻይ አፍይዋ፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮውና ትኬት ቆራጩ ናቸው። የሚጎድላቸው ያዩትን ለማን፣ እንዴት እንደሚናገሩ የሚነግራቸው ሰው ነው።

የኢትዮጵያ የጉዞ ደኅንነት ታሪክ ሲወራ ሰሜን ምዕራቡ ቀድሞ ይነሳል። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ሰባት ተማሪዎች ከባሕር ዳር የተነሳን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላን አስገድደው ካርቱም አሳረፉት። ያኔ አውሮፕላን መሳፈር አውቶቡስ ከመሳፈር ብዙ አይለይም ነበር። አሜሪካ እንኳ እያንዳንዱን ተሳፋሪና የእጅ ሻንጣውን መፈተሽ የጀመረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ቀን የተማሪው ንቅናቄ ታጋዮች ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራቱ ያሉበት የሰባት ወጣቶች ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሳ ቦይንግ 720 ለመጥለፍ ሞከረ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ተሳፋሪ ለብሰው የተቀመጡ ጠባቂዎች አውሮፕላኑ ውስጥ ነበሩ። ተኩስ ተከፈተ፤ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የአውሮፕላኑን ወለል ቀደደ። ከጠላፊዎቹ ስድስቱ ሞቱ። አብራሪዎቹ የተጎዳውን አውሮፕላን መልሰው አዲስ አበባ አሳረፉት። ወጣቶቹ በኋላ በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ምን ስም እንዳገኙ ሌላ ወሬ ነው፤ ከደኅንነቱ ወገን ሲታይ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ ሽጉጡና ቦምቡ እንዴት ገባ? ጠባቂ ማስቀመጥ የመጨረሻው በር ነው። የመጀመሪያው በር ምድር ላይ ነበር። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ አባሪ ሕግ ያወጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1966 ዓ.ም. ነው፤ አባሪ 17 ይባላል።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961ኛ በረራ፣ ቦይንግ 767፣ 175 ሰው ይዞ ነበር። ሦስት ወጣቶች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። እዚያው ክፍል ውስጥ ለእሳት አደጋ የተቀመጠውን መጥረቢያና ማጥፊያ አነሱ። «አሥራ አንድ ነን፤ ፈንጂም ይዘናል» አሉ። ወደ አውስትራሊያ ውሰደን ነው ጥያቄያቸው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዳ አልሰሙትም። ልዑል ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ የተረፈ ሰው ነው። የአፍሪካን ዳርቻ ሳይለቅ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች ባሕር ዳርቻ፣ ከአንድ የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት ውኃው ላይ ወረደና ተሰባበረ። 125 ሰው ሞተ፤ 50 ተረፈ። ኋላ ሲጣራ አሥራ አንድ ሳይሆኑ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ፈንጂ የተባለውም የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው የውኃው ምት ብቻ አልነበረም። መንሳፈፊያ ሰደርያቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በአየር ነፍተውት ነበር። ውኃ ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አነሳቸው፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አልቻሉም። «ሰደርያውን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይነገራል። ተሳፋሪው ግን በዚያ ሰዓት ስልኩን ይነካካል፤ አልያም መስኮት መስኮቱን ያያል። ሥልጠና ሲባል የፈታሽና የፖሊስ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ያን ቀን ግን የተሳፋሪውም ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። አሜሪካ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ከደረሰባት ጥቃት ወዲህ የአብራሪዎች ክፍል በር በጥይት እንኳ እንዳይከፈት ሆኖ ይሠራል። ወደ ሮም ይበር በነበረው የዚሁ አየር መንገድ 702ኛ በረራ ላይ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ረዳት አብራሪው ያንኑ በር ከውስጥ ቆለፈና አውሮፕላኑን ጄኔቭ አሳረፈው። በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ፤ ሰው አልተጎዳም። (የስዊዘርላንድ ተዋጊ ጄቶች ያን ማለዳ አልተነሱም፤ የሥራ ሰዓት አልደረሰም ነበር። አጅበው ያመጡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው። ያኔ ሀብታም አገርም ቢሮውን የሚከፍተው በሁለት ሰዓት ነበር።) ሌባን ለማስቀረት የተሠራ በር ሌባው ከውስጥ ሲሆን ለእሱ ምሽግ ይሆናል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ብዙ ሰው ማሽን ካለ አደጋ የለም ብሎ ያምናል። በኤክስሬይ መስኮት ፊት የሚቀመጠው ሰው ግን ሰው ነው። በ1997 ዓ.ም. ናቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች የሻንጣ ፍተሻን በሚመስሉ ምስሎች መሀል የተደበቀ ዕቃ እንዲፈልጉ አደረገ። ዕቃው ከሁለት ምስል በአንዱ ሲገኝ ፈላጊዎቹ የሳቱት 7 በመቶውን ነበር። ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ ሲገኝ ግን 30 በመቶውን ሳቱ። ምስር የሚለቅም ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠጠር የበዛበት ምስር ሲሆን ዓይን ይነቃል። ሰፌድ ሙሉ ንጹሕ ምስር መሀል አንዲት ጠጠር ካለች ዓይን ያልፋታል፤ እራት ላይ ጥርስ ያገኛታል። ለዚህ ነው በትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ማሽኑ ራሱ አልፎ አልፎ ፈታሹን የሚያታልለው፦ በእውነተኛ ሻንጣ ምስል ላይ የውሸት ሽጉጥ ወይም ፈንጂ ያሳያል። ፈታሹ ካገኘው «ጎበዝ» ይለዋል፤ ካለፈው ይመዘግብበታል። የአውሮፓ ደንብ ደግሞ በመደበኛው አሠራር አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ያለ ዕረፍት ከ20 ደቂቃ በላይ እንዳያፈጥ ይከለክላል። በሌላ ወገን በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መርማሪዎች መሣሪያና የውሸት ፈንጂ ደብቀው 70 ጊዜ ቢሞክሩ 67ቱን ጊዜ ማለፋቸው ተሰማ። ያ ሁሉ ማሽን እያለ።

የእኛ የመናኸሪያ ፈታሽ ማሽን የለውም፤ እጁና አፉ አለው። አፉን መጠቀም ግን አልለመደም። መታወቂያ አየት፣ ከረጢት ጨመቅ አድርጎ «እለፍ» ነው። ጥያቄ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም. በሒትሮው አንዲት እርጉዝ የአየርላንድ ሴት ወደ ቴል አቪቭ በሚሄደው የእስራኤል አየር መንገድ ልትሳፈር መጣች። ሻንጣዋ የአየር ማረፊያውን ኤክስሬይ አልፏል። የአየር መንገዱ የደኅንነት ሠራተኛ ግን እንደ ተራ ጨዋታ ጠየቃት፦ ማን ያገኝሻል? የት ታርፊያለሽ? ሻንጣውን ማን ሰጠሽ? መልሶቿ እርስ በርስ አልገጥም አሉት። ሻንጣው ባዶ ሲደረግም ከሚገባው በላይ ከበደ። ከሥሩ በሐሰተኛ ወለል ተሸፍኖ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ፈንጂ ተገኘ። የሰጣት የጽንሷ አባት ነው፤ ሴትዮዋ ምንም አታውቅም ነበር። ነዛር ሒንዳዊ የተባለው ይህ ሰው 45 ዓመት ተፈረደበት። በዚያ በረራ ላይ ከ370 በላይ ሰው ሊጓዝ ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት በመልኳ ብትፈረጅ ኖሮ ማንም ሳይጠይቃት ታልፍ ነበር፤ እርጉዝ ሴት ቦምብ ትይዛለች ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ሁለተኛው በመርከብ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ከካናዳ ወደ አሜሪካ መኪናና ሰው የምታሻግር መርከብ ፖርት አንጀለስ በተባለች ትንሽ ወደብ ደረሰች። የመጨረሻውን መኪና የያዘውን ሰው ዳያና ዲን የተባለች የጉምሩክ ሠራተኛ የዘወትር ጥያቄዋን ጠየቀችው፦ ወዴት ትሄዳለህ? ለምን? ሰውዬው ወደ ሲያትል ነው አላት፤ ለሲያትል ግን ያ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በታኅሣሥ ብርድ ያልበዋል። መኪናው ተፈተሸ። በትርፍ ጎማው ቦታ የተገኘው ፈንጂ ለሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተዘጋጀ ነበር። ዲን ስለዚያ ሰው የደረሳት ጥቆማ አልነበረም፤ መንገዱን ግን ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ዲን ያየችው የሰውየውን ዘር አይደለም፤ የመልሱንና የመንገዱን አለመግጠም ነው። አሜሪካኖች ከዚያ በኋላ «ጭንቀት የሚታይበትን ፊት» የሚለዩ ልዩ ሠራተኞች አሠልጥነው በየአየር ማረፊያው አቆሙ። 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት። በ2006 ዓ.ም. የመንግሥታቸው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲመዝነው ፊት እያዩ አስመሳይን መለየት ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም አለ። በእኛ አገር ኬላ ላይ ይህ ስሕተት ከገንዘብ ያለፈ ዋጋ አለው። ሰውን በቋንቋው፣ በመታወቂያው በተጻፈ ማንነቱ፣ በአነጋገር ዘይቤው ለይቶ የሚያወርድ ፈታሽ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ንጹሕ ሰው ያዋርዳል። ከዚያ ደግሞ አስጊውን «የእኛ ሰው ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ጥላቻን ወደ ጎን ብናደርገው እንኳ፣ ሙያው በሚጠይቀው መለኪያ መጥፎ ሥራ ነው።

ታዲያ መናኸሪያ ውስጥ ባለቤት የሌለው ከረጢት ቢገኝስ? የእንግሊዝ የትራንስፖርት ፖሊስ ለዚህ የሚያስተምረው ሦስት ጥያቄ ነው። ሆን ተብሎ ተደብቋል? በግልጽ የሚያጠራጥር ነገር፣ ማለትም ሽቦ፣ ባትሪ፣ ያልተለመደ ሽታ አለው? ለቦታው እንግዳ ነው ወይስ የተለመደ? ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ቦታ ነው የሚገኘው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ በለንደን ሌላ፣ በእብናት ሌላ መልስ አለው። በገመድ የተጠፈረ ማዳበሪያ ለንደን ባቡር ውስጥ ቢገኝ ጣቢያው ይዘጋ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጤፍ ነው። በአንጻሩ አዲስ፣ የተቆለፈ ሻንጣ ከባዶ በርሜል ኋላ ተሸጉጦ ቢገኝ የእብናት ሰው ማንም ሳያስተምረው ይገርመዋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው አጭር ነው። አይነካም፣ አይከፈትም፣ በእግር አይገፋም። ሰው ሳይጮኽ፣ ሳይጋፋ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ግንብ ወይም ጠንካራ ነገር መከለያ ይሆናል። ለፖሊስ የሚነገረው «ቦምብ አለ» ሳይሆን ያዩት ነው፤ የት፣ ምን መልክ ያለው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ማን አስቀመጠው። «ቦምብ!» ብሎ መጮኽ በጠባብ በር ላይ ራሱ ሰው ይገድላል።

ደቡብ ጎንደር ላይ ሌላ የሚጨመር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትንና የጉናን ግርጌ አልፎ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ጦርነት ባለፈበት አገር ሳይፈነዳ የቀረ ብረት እርሻ ውስጥ፣ ገደል ሥር ይተኛል። ልጅ ያነሳዋል፤ ቁራሌ በኪሎ ይገዛዋል፤ ከዚያ በከረጢት ሆኖ መኪና ላይ ይወጣል። ይህ የአጥፊ ሥራ አይደለም፤ የድህነት ነው። ረዳቱ የብረት ጆንያ ሲመጣ አፉን አስከፍቶ፣ ሳይነካካ ማየት እንጂ ማፍሰስ የለበትም፤ ክብ አፍንጫና ክንፍ ያለው ብረት ካየ ጆንያው መኪናው ላይ አይወጣም፤ እንዲያውም ከቦታው አይነቃነቅም።

መንገዱ ራሱም አለ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ያሉባቸው አውቶቡሶች በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ቆመው ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች ታገቱ። ለማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀ። ከዚያ በፊት ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ በተከፈተ ተኩስ ቢያንስ 34 ሰው መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ለእንዲህ ያለው ነገር ሹፌርን ማሠልጠን ብቻውን አይበቃም፤ መንገድ መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህን ለረዳትና ለተሳፋሪ ጥሎ መሄድ ልክ አይደለም። ሹፌሩ የሚችለው ከመነሳቱ በፊት ከወዲያ የመጣን ሹፌር መጠየቅ፣ ሰዓት ማክበር፣ የተሳፋሪውን ስም ዝርዝር በመነሻው መናኸሪያ ትቶ መሄድ ነው። ዝርዝሩ ቀላል ይመስላል። ሰው በጠፋ ማግሥት ግን ማን ተሳፍሮ እንደነበር የሚያውቅ ከሌለ ቤተሰብ ከየት ይጀምራል?

ከሁሉ ይልቅ ግን በየቀኑ በመናኸሪያው በር የሚያልፈው አደጋ ድምፅ የለውም። ከገጠር የወጡ ሦስት አራት ልጆች፣ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት። ትኬታቸውን እሱ ይዟል፤ ስልካቸውንም እሱ። «ወዴት ነው?» ሲባሉ ወደ እሱ ያያሉ። «አጎታችን ነው» ይላሉ፤ ስሙን ግን አያውቁትም። መተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት ሊሆን ይችላል። በሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ወጥቷል፤ አዋጁ ግን መናኸሪያ ቆሞ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትኬት ቆራጩ ነው። ልጆቹን ከሰውዬው ለየት አድርጎ፣ አንዷን ሻይ ቤት፣ ሌላዋን እዚህ፣ «የኔ ልጅ፣ ከየት ነው የመጣችሁት? ወዴት ትሄዳላችሁ? ማን ይቀበላችኋል?» ማለት። መልሱ ካልገጠመ መኪናው ሳይነሳ ለፖሊስ ይደወላል። ሰውዬው እውነተኛ አጎት ከሆነ አሥር ደቂቃ ይዘገያል፤ ያ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ፎቅ አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መኪና በማይበዛበት ቀን፣ ተራ አስከባሪዎቹ፣ ረዳቶቹ፣ ተሸካሚዎቹና ሻይ አፍይዋ ተሰብስበው፣ አንድ ፖሊስ ባዶ ከረጢት ደብቆ «ፈልጉ» ቢላቸው ይበቃል። በወሩ ሳይነግራቸው ደግሞ ይደብቅ። ያገኘው ሻይ ይጋበዛል።

ጎህ ቀደደ። ቅጥቅጡ ሞላ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነካ አደረገ። አንዲት እናት በመጨረሻ ሰዓት በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ይዘው ደረሱ። ረዳቱ ወረደ።

«እማማ፣ ምንድን ነው?»

«ለልጄ ነው። ስልኩን ጽፌበታለሁ።»

«ይክፈቱልኝ እስቲ፤ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታየው? እኔን ሌባ አደረግኸኝ?»

«አይቆጡ እማማ፤ የሁሉንም ነው የማየው።»

እያጉረመረሙ ላስቲኩን ፈቱ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ሲያይ አዲስ የተፈጨው በርበሬ አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ ሦስቴ አከታትሎ አስነጠሰ። እናቲቱ ሳቁ። ደብተሩን አውጥቶ ስማቸውን ጠየቃቸው።